የሠርጉ ዲስክ ተቆልፎ ነው ወይስ አርጅቶ?

ደብረ ብርሃን፦ በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች ጥር የሠርግ ወር ነው። አዝመራው ከገባና ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ልጅ ይዳራል፤ ዘመድ ይሰበሰባል። አቅሙ የፈቀደ ቤተሰብ ደግሞ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ቪዲዮ ቀራጭ ያስመጣል። ካሴት በዲስክ ከተተካ ወዲህ የዚያ ሁሉ ድግስ ማስታወሻ ሆኖ ሲቀር የኖረው አንድ ወይም ሁለት ስስ ዲስክ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ እናት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ በዚያ ላይ ይታያል። ዓመታት ሲያልፉ ከመረቁት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በሕይወት አይኖሩም። የሟች አባት ድምፅ የሚሰማው፣ መልኩም ሲንቀሳቀስ የሚታየው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም።

እነዚህ ዲስኮች አሁን እያረጁ ነው። ማጫወቻው ምስሉን ይቆራርጣል፤ ድምፁ ይንተባተባል፤ ሥዕሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሞላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ዲስክ እንዳልገባለት ይቆጥራል። ባለቤቱ ወደ ከተማ ወስዶ ወደ ፍላሽ እንዲገለበጥለት ሲጠይቅ ኮምፒዩተሩ ከግማሽ ይቆምና ስሕተት ያሳያል። ያን ጊዜ ከባንኮኒው በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ዲስኩ ተቆልፏል፣ ኮፒ አይሆንም የሚል ነው። ይህ ምክንያት ትክክል የሚሆንባቸው ዲስኮች አሉ። ለሠርግ ዲስክ ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስሕተት ነው።

ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። የተቆለፈ ዲስክ በሣጥን ቢቀመጥ ነገም እንደተቆለፈ ይገኛል። የሚያረጅ ዲስክ ግን ቀን አይሰጥም፤ ዘንድሮ ከአሥር ዘጠኝ እጁ የሚነበበው ከጥቂት ክረምት በኋላ ጭራሽ ላይነበብ ይችላል። ተቆልፏል ተብሎ ወደ ሣጥን የተመለሰ የሠርግ ዲስክ፣ መዳን ሲችል እንዲሞት የተተወ ዲስክ ነው። ስለዚህ መቆለፊያው ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለና የት እንደሌለ መለየት ለገበሬውም ለከተሜውም ይጠቅማል።

ዲስክ መልኩ ቢያብለጨልጭም አሠራሩ ለአራሽ እንግዳ አይደለም። ጥርት ባለው ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እየተጠቀለለ የሚሄድ አንድ ረጅም ትልም አለ። በትልሙ ላይ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ተደርድረዋል። ሌዘር የተባለው ቀጭን ብርሃን በትልሙ ላይ ሲያልፍ ጉድጓድ ያለበትና የሌለበት ቦታ ብርሃኑን በተለያየ መንገድ ይመልሱታል። ማጫወቻው ይህን ልዩነት ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም ወደ ምስልና ድምፅ ይለውጣል። በሲዲ ላይ በአንዱ ትልምና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው። በዲቪዲ ላይ ርቀቱ ወደ 0.74 ማይክሮን ይጠባል። ሲዲ 700 ሜጋ ባይት ያህል ሲይዝ ባለ አንድ ንብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት የሚይዘው ትልሙ ስለጠበበና ጉድጓዶቹ ስላነሱ ነው። በሲዲ ላይ የሚጻፈው ቪሲዲ ቢበዛ 80 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ አንድ ሠርግ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ተብሎ ይከፈላል።

ፋብሪካ የሚያትመው ዲስክና ፎቶ ቤት የሚጽፈው ዲስክ ግን አንድ አይደሉም። በፋብሪካ ጉድጓዶቹ በማተሚያ ተጨፍልቀው ይወጡና በስስ አሉሚኒየም ይለበጣሉ። ፎቶ ቤት የሚጻፈው ዲስክ ግን ጉድጓድ የለውም። በፕላስቲኩና በሚያብለጨልጨው ንብር መካከል የተቀባ ቀለም አለው፤ የመጻፊያው ሌዘር ቀለሙን በሙቀት እየለበለበ ጉድጓድ የሚመስል ምልክት ይተውበታል። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃትና የተዝካር ዲስኮች በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው። ቀለም ደግሞ እንደማንኛውም ቀለም ይለቃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑበታል። በመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ፣ ወይም በጀማ ሸለቆ ሙቀት በመኪና ውስጥ የዋለ ዲስክ፣ በመንዝ ብርድ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ከኖረው ቀድሞ ይጎዳል።

ደጋው ግን የራሱ ችግር አለው። ኩበት በሚነድበት ቤት ጢስና ጥላሸት በማጫወቻው የሌዘር መስታወት ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲሆን ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ ማጫወቻው ማንበብ ያቅተዋል። ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል የገባ ማጫወቻም በመስታወቱ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ጥቂት ቆይቶ ሲደርቅ መልሶ ይሠራል። ስለዚህ ዲስክ አልሠራ ሲል የመጀመሪያው ምርመራ ሌላ ደኅና ዲስክ በዚያው ማጫወቻ፣ ያንኑ ዲስክ ደግሞ በሌላ ማጫወቻ መሞከር ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሲዲና ቪሲዲ በታች በኩል ሳይሆን በላይ በኩል ነው የሚሳሱት። መረጃው ያለው ጽሑፍ ከሚለጠፍበት ገጽ ሥር፣ ከስስ ሽፋን በታች ነው። የታችኛው ገጽ ቢጫር ከፕላስቲኩ ውፍረት የተነሣ ጭረቱ መረጃው ጋ ላይደርስ ይችላል። በላይኛው ገጽ ላይ በእስክርቢቶ ስም ሲጻፍ ወይም የተለጠፈ ወረቀት ሲላጥ ግን መረጃው አብሮ ይነሣል። በብርሃን ፊት ተይዞ ሲታይ ቀዳዳ የሚያሳየው ዲስክ ብዙውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ነው፤ ያ ቦታ አይመለስም። ዲቪዲ ይሻላል፤ ሁለት ስስ ሳሕኖች ተጣብቀው መረጃው ከመካከላቸው ስለሆነ ከሁለቱም ወገን ተሸፍኗል።

ኮምፒዩተሩ ለምን ይቆማል? ዲስክ ሲጻፍ ከመረጃው ጋር የማረሚያ ቁጥሮች አብረው ይጻፋሉ። ትንሽ ጭረት የበላው ቁጥር ቢኖር ማንበቢያው ከቀሩት አስልቶ ይሞላዋል። ለኮምፒዩተር ፋይል በሚያገለግል ሲዲ ላይ ተጨማሪ የማረሚያ ንብር አለ። ቪሲዲ ግን ቪዲዮውን በሲዲ ላይ ለማጨቅ ሲባል ይህ ተጨማሪ ንብር እንዲቀርበት ተደርጓል። ለማጫወቻው ይህ ችግር አይደለም፤ የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ ምስሉን አንድ ጊዜ ቆረጥ አድርጎ ያልፋል። የኮምፒዩተር መገልበጫ ግን አንዲት ፊደል እንድትጎድል አይፈቅድም፤ ለሒሳብ መዝገብ እንጂ ለሠርግ የተሠራ አይደለም። የተጎዳ ቦታ ላይ ሲደርስ ይደጋግምና ሥራውን ያቆማል፤ እስከዚያ የገለበጠውንም ይሰርዛል። በቴሌቪዥን የሚታይ ዲስክ ኮፒ አልሆን ሲል፣ ባለሙያውም ባለቤቱም ቁልፍ ያለበት የሚመስላቸው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው መቆለፊያ ሌላ ነገር ነው። ለቪሲዲ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ውስጥ የምስጢር መቆለፊያ የሚባል ነገር አልነበረም። የቪሲዲ ፋይሎች በአንድ ማኅደር ውስጥ ተገልጠው ይገኛሉ፤ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ማንም ይገለብጣቸዋል። መቆለፊያ የመጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበው ከዲቪዲ ጋር ነው። የሆሊውድ ፊልም ሠሪዎች ጥራቱ የማይቀንስ ኮፒ እንደሚያከስራቸው ስለሠጉ ያለ ቁልፍ ፊልማቸውን በዲቪዲ ለማውጣት አልፈለጉም። ሲኤስኤስ የተባለው መቆለፊያ የተዘጋጀው ለዚህ ነው።

አሠራሩ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። ፊልሙ በዲስኩ ላይ የሚቀመጠው ፊደሎቹ እንደተዘበራረቁበት ደብዳቤ ሆኖ ነው። መፍቻው ቁልፍ ከዚያው ዲስክ ላይ፣ ከትልሙ መጀመሪያ፣ ተራ መገልበጫ በማያየው ቦታ ተሰውሯል። ያም ቁልፍ ቢሆን በግልጽ አልተቀመጠም። በ409 ልዩ ልዩ ቁልፎች ተደጋግሞ ተቆልፏል። ፈቃድ ገዝቶ ማጫወቻ የሚሠራ ፋብሪካ ከእነዚህ የራሱ ድርሻ ይሰጠዋል። ማጫወቻው በራሱ ቁልፍ የዲስኩን ቁልፍ ይከፍታል፤ በዲስኩ ቁልፍ ደግሞ ፊልሙን ያነባል። አንድ ሰው በተራ መንገድ ፋይሎቹን ቢገለብጥ የተዘበራረቀውን ደብዳቤ ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቁልፉ ከዲስኩ ጋር ቀርቷል። እህሉን ከነጎተራው ተሸክሞ ቁልፉን ከቤቱ ግድግዳ ላይ እንደመርሳት ያለ ነው።

ይህን መቆለፊያ ፎቶ ቤት ሊያስገባው አይችልም። በገበያ የሚሸጠው ተራ ባዶ ዲቪዲ ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳይጻፍበት ተደርጎ ነው የሚሠራው። እንግዲህ በባዶ ዲስክ ላይ የተጻፈ የሠርግ ዲቪዲ በሲኤስኤስ ሊቆለፍ አይችልም። የተጻፈውን ከታተመው ለመለየት ዲስኩን ገልብጦ ማየት በአብዛኛው ይበቃል። የፋብሪካው እንደ ብር ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል። የተጻፈው ዲቪዲ ወደ ወይን ጠጅ፣ የተጻፈው ሲዲ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደላል። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ዲስክ ኮፒ አልሆን ካለ ሕመም እንጂ ቁልፍ አይፈለግበትም።

መቆለፊያው ራሱ ብዙ አልቆየም። ቁልፉ 40 ቢት ብቻ ነበር፤ ይህም ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጉ አማራጮች ማለት ነው። ቁጥሩ ለሰው ብዙ ቢመስልም ለኮምፒዩተር አይደለም፤ አሠራሩም ድክመት ስለነበረው ፍለጋው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በ1999 እ.ኤ.አ. ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ኖርዌያዊ፣ ስማቸውን ካልገለጹ ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ዲሲኤስኤስ የተባለውን መፍቻ ሶፍትዌር ለዓለም አሠራጨ። አንድ የኮምፒዩተር ማጫወቻ ሶፍትዌር ቁልፉን በሚገባ ሳይሰውረው ቀርቶ ነበር። ወጣቱ ተከሶ ኦስሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ2003 መጀመሪያ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በይግባኝ በነጻ ተለቀቀ። ፍርድ ቤቱ የተመለከተው ነጥብ ለተራው ሰውም የሚገባ ነው፤ አንድ ሰው በገንዘቡ በገዛው ዲስክ ላይ ያለውን ፊልም በፈለገው መሣሪያ ማየት ሌላውን ሰው መስረቅ አይደለም።

አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። በ1998 የወጣው ሕጓ ፊልሙን መገልበጥን ብቻ ሳይሆን ቁልፉን መስበርንና መስበሪያ መሸጥንም ይከለክላል። ሰዎች የገዙትን ዲቪዲ መጠባበቂያ ኮፒ እንዲያደርጉ ሶፍትዌር ይሸጥ የነበረው 321 ስቱዲዮስ የተባለ ድርጅት በ2004 በፍርድ ቤት ተሸንፎ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሪልዲቪዲ የተባለው ሌላ ሶፍትዌር፣ በኮፒው ላይ የራሱን ቁልፍ ጨምሮ ቢመጣም በ2009 ታገደ። ዲስኩ ቢጫርበት ሌላ እንዲገዛ የሚገደደው ሸማች ክርክር በዚያ ሀገር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ይህ ጎን ሕጉ ለገዢው የነፈገው ፍትሕ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መቆለፊያ ሠሪዎች ያፈሩባቸው ጊዜያትም አሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. በሙዚቃ ሲዲዎች ላይ የተደረገ አንድ መከላከያ የዲስኩን ዳር በተራ ማርከር በማጥቆር ብቻ ሊታለፍ ተችሏል። በ2005 ደግሞ ሶኒ ቢኤምጂ በሙዚቃ ዲስኮቹ ውስጥ ያስገባው የኮፒ መከላከያ ሶፍትዌር በገዢው ኮምፒዩተር ውስጥ ተደብቆ ለቫይረስ በር የሚከፍት ሆኖ ስለተገኘ፣ ኩባንያው ዲስኮቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። ከዚያ በኋላ የመጣው የብሉ ሬይ ዲስክ ባለ 128 ቢት ቁልፍ ስለሚጠቀም ከቀደመው እጅግ የጠነከረ ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ ከመበላሸት ጋር የሚምታታ መቆለፊያ አለ፤ የክልል ቁጥር ይባላል። ፊልም ሠሪዎቹ ዓለምን በቁጥር ከፋፍለው፣ ለአንዱ ክልል የተሸጠ ዲቪዲ በሌላው እንዳይሠራ አድርገዋል። አሜሪካ በ1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ በ2፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ በ5 ተመድበዋል። ከቤይሩት ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው የፋብሪካ ፊልም አልከፍት ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ቁጥሩን አይጠይቁም። የኮምፒዩተር ዲስክ ማንበቢያ ግን ይጠይቃል፤ ቁጥሩን መለወጥ የሚፈቅደውም አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ዘመድ ራሱ ጽፎ የላከው የልደት ወይም የሠርግ ዲስክ በዚህ አይገደብም።

የአማርኛ ፊልም ታሪክ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። በ1990ዎቹ በዲጂታል ካሜራ የተቀረጹ ፊልሞች ሲኒማ ቤቶችን መሙላት ሲጀምሩ፣ ለቤት የሚሸጡት በብዛት በቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ ደግሞ ቁልፍ የለውም። ቤቱን ሸጦ ወይም ተበድሮ ፊልም የሠራ ሰው ዲስኩን ለገበያ ባወጣ በማግሥቱ ሥራው ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ያለ ከልካይ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ፊልማቸውን በሲኒማ ቤት ብቻ እያሳዩ ዲስኩን ለረጅም ጊዜ ያቆዩ ነበር። መዘግየት ብቸኛው ቁልፋቸው ሆነ። ለገጠሩ ተመልካች ይህ ማለት አዲስ አበባ የታየ ፊልም መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ እስኪደርስ መጠበቅ ማለት ነበር፤ ቀድሞ የደረሰውም ብዙ ጊዜ የተሰረቀው ነው።

ሕጉ የሌለውን ቁልፍ ለመተካት የመጣ ነው ማለት ይቻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው በዚያው ዘመን ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ በ9ኛው አንቀጹ ለግል አገልግሎት የሚደረግን መገልበጥ ይፈቅዳል። አንድ ግለሰብ ለኅትመት ወይም ለገበያ ከወጣ ሥራ አንድ ነጠላ ቅጂ ለራሱ ብቻ ቢያደርግ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ፈቃዱ ግን ጠባብ ነው። የሥራውን መደበኛ ገበያ የሚጎዳ ወይም የባለመብቱን ተገቢ ጥቅም የሚነካ ከሆነ ይቀራል። በገዛው ዲስክ ላይ ያለውን ፊልም ጭረት እንዳያጠፋው አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተሩ የገለበጠ ሰውና ያንኑ ፊልም በመቶ ሜሞሪ ካርድ ሞልቶ የሚሸጥ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም። አዋጁ በ1996 ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጎ ነበር። ይህን ያህል ከባድ ቅጣት ተጽፎ እያለ ሜሞሪ መሙላት በየከተማው እንደ ተራ ንግድ መቆጠሩ የሚያስገርም ነው።

የሠርግ ቪዲዮ ከዚህ ጉዳይ ይለያል። የተቀረጸው በቤተሰቡ ትእዛዝና ክፍያ ነው፤ ለገበያም አልወጣም። ቤተሰቡ ለልጆቹ ቢያባዛው ከማንም አፍ እንጀራ አይነጥቅም። ቁልፍም የለው፣ ከሳሽም የለው፤ ያለበት ጠላት ጊዜ ብቻ ነው።

ከመጥፋቱ በፊት መገልበጥ ደግሞ በዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። የደጋው ገዳማትና አድባራት መጻሕፍት ለትውልድ የደረሱት ብራናው ሳያረጅ ሌላ ጸሐፊ ስለገለበጣቸው ነው። በብራናው መጨረሻ ወይም ዳር ላይ የሚጻፈው ግዝትም የሚያስፈራራው የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ነው እንጂ የሚገለብጠውን አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራም ያንኑ መንገድ በአዲስ መሣሪያ የቀጠለ ነበር። በሀገር ውስጥና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ትብብር በሸዋ፣ በወሎና በሌሎችም ቦታዎች ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን አንብበው ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። አንድ ቅጂ በሀገር ውስጥ፣ ሌላው ባሕር ማዶ መቀመጡ ለማንኛውም መጠባበቂያ የሚሠራ ዘዴ ነው።

ወደ ሠርጉ ዲስክ ስንመለስ፣ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ዲስኩን ደጋግሞ ማጫወት ማቆም ነው። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል እንጂ እየዞሩ አይታሽም። ትልሙ ዙሪያውን ስለሚሄድ፣ በትልሙ አቅጣጫ የተጫረ ጭረት ብዙ ተከታታይ ቁጥር ይበላል፤ ትልሙን አቋርጦ የሄደ ጭረት ግን ከእያንዳንዱ ጥቂት ብቻ ስለሚወስድ ማረሚያው ይሸፍነዋል። ቤንዚን፣ ኬሮሲንና የጥርስ ሳሙና ሊቀርቡት አይገባም።

ቀጥሎ በተለያዩ ኮምፒዩተሮች መሞከር ያስፈልጋል። የዲስክ ማንበቢያዎች የማየት ኃይላቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል። ተራው መገልበጫ ሲቆም ደግሞ ለተጎዳ ዲስክ የተሠሩ ሶፍትዌሮች አሉ። ለዲቪዲ በነጻ የሚገኘው ዲዲሬስኪው ደኅናውን ክፍል አስቀድሞ ይሰበስባል፤ ወደ ተበላሸው ቦታ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው፤ ያልተነበበውን ቦታም መዝግቦ ይይዛል። ከዚህ መዝገብ የሚገኘው ጥቅም ለሠርግ ዲስክ እጅግ ተስማሚ ነው። ከአንድ ምንጭ የተጻፉ ሁለት ተመሳሳይ ዲስኮች፣ አንዱ በሙሽራው ቤት ሌላው በሙሽሪት ቤት ካሉ፣ ሶፍትዌሩ ከአንዱ የጎደለውን ከሌላው ይሞላል። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቦታ ላይ የመጎዳታቸው ዕድል ትንሽ ነው። አማቾች ዲስካቸውን ይዘው በአንድ ቀን ከተማ ቢወርዱ አያስቆጭም። ለቪሲዲ አይሶበስተር የተባለው ይሻላል፤ የቪሲዲን ልዩ አጻጻፍ ያውቃል፣ የተበላሸውንም ዘልሎ የቀረውን ያወጣል። ባለሙያው እነዚህን ስሞች ካላወቀ፣ ክፉውን ቦታ ዘልሎ የሚገለብጥ ሶፍትዌር እንዲጠቀም መጠየቅ በቂ ነው። የቡራኬው ሰዓት ድኖ የጭፈራው ሦስት ደቂቃ ቢጠፋ ኪሣራው ይቻላል።

የተገኘው ፋይል መጀመሪያ ሳይነካ እንዳለ ይቀመጣል። ከእርሱ ላይ ለስልክ የሚሆን ኤምፒ4 በነጻው ሃንድብሬክ ማዘጋጀት ይቻላል። ሃንድብሬክ የምስሉን ዓይነት ይለውጣል እንጂ ቁልፍ አይሰብርም፤ የፋብሪካ ፊልም ቢሰጠው ዝብርቅርቅ ምስል ነው የሚያወጣው። የቪሲዲ ምስል በመጠኑ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ላጥራው የሚል ባለሙያ ክፍያ ቢጠይቅ አለመቸኮል ይሻላል፤ ያልተቀረጸ መልክ ከዲስኩ አይወጣም።

ፍላሽ ብቻውን አይታመንም፤ ይጠፋል፣ በቫይረስ ይመታል፣ ሳይሠራ ብዙ ዓመት ከተቀመጠም የያዘውን ሊረሳ ይችላል። አንዱ ቅጂ በቤት፣ ሌላው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ በሚኖር ልጅ ኮምፒዩተር ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ቢሆን ይመረጣል። በቴሌግራም የሚልክ ሰው እስከ 2 ጊጋ ባይት የሚደርስ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ መላክ ይችላል፤ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ካልተላከ ግን ጥራቱ ይቀንሳል። አሮጌው ዲስክም አይጣልም። በሽፋኑ ቆሞ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ስሙ በለስላሳ ማርከር ከመሐሉ ቀዳዳ ዙሪያ ባለው ጥርት ያለ ቀለበት ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ፋይሉም ቁጥር ብቻ ይዞ እንዳይቀር የሙሽሮቹ ስም፣ ቀኑና ቀበሌው ይጻፍበታል። በዕድሜ የገፉ ዘመዶች በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ አብሮ ማየትና በምስሉ ላይ ተራ በተራ የሚመርቁት ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቆ መዝግቦ ማስቀመጥም ከዚሁ ሥራ ጋር የሚሄድ ነው፤ ያን ስም የትኛውም ሶፍትዌር ከዲስኩ ላይ አያወጣውም።